በሌለ ንፋስ

ለምወድህ አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬስ አሁንም መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትፈልገዋለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ አካሌ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ቀድሞን የሚመለሰው የቡድኑ ሐኪም ያደርስልሃል። በስልክ እንዳልነግርህ አፌ እየተሳሰረ አስቸገረኝ።

በወጣቶቹ ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና መሸነፌን ሰምተሃል። እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርህ። እኛ በባድሚንተን የሠለጠንነውም የተመረጥነውም ውጭ፣ ጣሪያ የሌለው ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ያለው አዳራሽ ደግሞ ድፍን ሣጥን ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አይገባበትም። እኔ ያደግኩት በሶፋ ማደሻህ ጓሮ ነው፤ ከበሩ የሚገባው ንፋስ ላባዋን ኳስ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይወስድብን ነበር። “ወደ ግራ አድርገሽ ምቺ፣ ቀሪውን ንፋሱ ይጨርሰዋል” እያልክ አይደል ያስተማርከኝ? እጄ አመሉን ይዞ መጣ። በመታሁ ቁጥር ኳሷ በግራ በኩል ከመስመር ትወጣለች። በሌለ ንፋስ የመጀመሪያውን ጌም ሃያ አንድ ለአምስት ተሸነፍኩ! ተጋጣሚዬ ሳቋን በፎጣ ስትሸፍን አየኋት።

በሁለተኛው ጌም ግን እጄ ነቃ። ያቺን ብልሃትህን፣ በኃይል የምመታ መስዬ ኳሷን መረቡ ሥር ጠብ የማደርጋትን፣ ደጋግሜ ሠራሁባት። አሸነፍኩ። በሦስተኛው ለጥቂት ተሸነፍኩ።

ስወጣ አንዲት ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ይዛ መጣችና ማን እንዳሠለጠነኝ ጠየቀችኝ። እኔ አሁንም ልቤ ውስጥ የነበረው ያ የመጀመሪያው ጌም ነው፤ የምታላግጥብኝ መሰለኝ። ሶፋ አዳሽ ነው ብል አዳራሹ በሙሉ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ማንም አላሠለጠነኝም፣ ከቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው አባዬ። የበላሁበትን ወጪት ሰበርኩ።

እራት ላይ የቡድናችን አሰልጣኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ጋዜጠኛዋ የጠየቀችኝ ያቺ ብልሃት ስለገረመቻት መሆኑን ነገረኝ። የሌሎች አገሮች አሰልጣኞች ሳይቀሩ አጨብጭበው ነበር አለኝ። እንዲህ ያለ እጅ ያወጣ ሰው ካለ የፌዴሬሽናችን ኃላፊዎች ለታዳጊዎቹ አሰልጣኝነት ሊጠሩት አስበው ነበር፤ አንቺ ማንም የለም ስትይ ግን ተዉት አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። እሱም ትክ ብሎ አየኝና፣ ለኃላፊዎቹ እነግራለሁ፣ ግን ምን ብለው እንደሚያምኑሽ አላውቅም፤ ለማንኛውም አባትሽ ይህን በቴሌቪዥን እንዳያይ ለምኚ፣ አለኝ።

ለመንኩ አባዬ። ቴሌቪዥን የምታይበት የፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ቤት ያን ዕለት መብራት ጠፍቶበት በሆነ ብዬ ለመንኩ።

ትናንት ስትደውል ግን ነጥቡን አልጠየቅከኝም። ሌላ ጊዜ እኮ ሰላም ሳትለኝ “ስንት ለስንት?” ነበር የምትለው። ብርድ እንዳይመታኝ መከርከኝ። ምግቡ ተስማምቶኝ እንደሆነ ጠየቅከኝ። እንዴት እንደተሸነፍኩ ልነግርህ ስጀምር፣ እኔ እንኳ ስለ ጨዋታው ብዙም አላውቅ፣ የሚያውቁትን ጠይቂ አልከኝ። ድምፅህ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ በተቆጣኸኝ ምናለ!

እነዚያን እጆችህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ፤ ለእማዬም እንዲሁ።

እንዲህ መባልን ካልከለከልከኝ፣
ልጅህ