ቀዮቹን ያጠብኩበት ዓመት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን

አንድዬ ልጄ፣

አባትሽን ሳገባ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ለእሱም፣ ለአንቺም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጋዜጣውን ሲጨርስ ተቀብዬው ገጽ እየገለጥኩ እቀመጣለሁ፤ ሥዕል ሲያጋጥመኝ እስቃለሁ፤ እሱም ምን እንዳገኘሁ ሳይጠይቀኝ አብሮኝ ይስቃል። ዛሬ የምጽፍልሽ ከዚህ የተነሳ የሆነውን ነው። ጉልበቴ ደህና ነው፣ የላክሽው ሹራብም ልክ ሆኖልኛል። እነዚህን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በኋላ ቦታ አያገኙም።

አባትሽ ጀልባው ላይ አንሸራቶት እግሩን የሰበረበትን ዓመት ታስታውሻለሽ፤ አንቺ ልትመረቂ ነበር። የጨው ሐይቃችንን የሚከታተለው ጣቢያ ሌላ ሰው ስላልነበረው ሥራው ቤት ድረስ መጣ። ቀዛፊው በየወሩ ከሐይቁ መሃል ውሃ በጠርሙስ ያመጣል፤ አባትሽ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ በእጅ ፓምፕ እየገፋ፣ በክብ ማጣሪያ ወረቀት ያሳልፈዋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀሩት በዓይን የማይታዩት የሐይቁ ነዋሪዎች ናቸው፤ ተሰብስበው ግን እንደ ጡብ ዱቄት ይቀላሉ። ወረቀቱን በሳህን ይሰጠኛል፤ እኔ በትንሽ ዕቃ ከድኜ ጣቢያው የላከልን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባለሁ። ከማጠቢያው በላይ በእጁ ጽፎ አንዲት ወረቀት ለጥፎ ነበር።

"አየሻት አይደል?" አለኝ።

"አየኋት" አልኩት።

ማጣሪያዎቹ ጨው ጋግረው ነበር የሚመጡልኝ። ንጽሕና እንደምወድ ታውቂያለሽ። ጨው ብረት ይበላል፣ የሰው ማቀዝቀዣ ያበላሽብናል ብዬ እያንዳንዱን ከቧንቧው ሥር ያዝ አድርጌ አለቀልቀው ነበር። ቅላቱ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። አሥራ ሁለት ወር እንዲህ አደረግሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ከሁለት ዓመት በኋላ በእነዚያው ዕቃዎች ነው። እያንዳንዱ ላይ የወሩ ስም ተጽፏል፤ ወራቱን በተራ ስለማውቃቸው የትኛው ፊደል ምን እንደሚል ገባኝ፤ የቀረውን ከጋዜጣ ሞላሁ። ከዚያ ከማጠቢያው በላይ ያለችውን አነበብኩ። "በቧንቧ ውሃ እንዳይነኩ። ቀዮቹ ጨው ካላገኙ አብጠው ይፈነዳሉ።" ገንጥዬ ምድጃ ውስጥ ከተትኳት። በዓይን በማይታይ ነገር ማን ይጎዳል ብዬ ነው።

በመካከሉ ሐይቁ ዳር ያለው ፋብሪካ ቧንቧውን ዘርግቶ የተጠቀመበትን ውሃ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ጀምሮ ነበር። ጨው የሌለው ውሃ ሲገባበት ሐይቁ ቀጠነ፤ ቀዮቹ አለቁ፤ አረንጓዴው ወረሰው። ጨው ለቃሚዎቹም ገንዳቸው ላይ ጨው አልረጋ አላቸው። እኔ በማጠቢያ ያደረግሁትን ፋብሪካው በሐይቅ አደረገው። እኔ ግን ቀድሜው ነበር።

አንቺ ደግሞ ያስቀመጥኳቸውን ማጣሪያዎች ወስደሽ መርምረሽ መጽሐፍሽን ጻፍሽ። አንድ ክረምት ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ቀዮቹ መጥፋት የጀመሩት ቧንቧው ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ ሐይቁ በራሱ ጊዜ እየተለወጠ ነበር ይላል። ጥሩ ትጽፊያለሽ።

ለዕረፍት መጥተሽ ራት ላይ አባትሽ ያለሽን ታስታውሻለሽ?

"ልጄ፣ ያን ዓመት እኮ ውሃው ደም ይመስል ነበር። አልጋዬ ድረስ መጥቶልኝ አይቼዋለሁ።"

"አባዬ፣ አንተ ያየኸው ማስታገሻ እየዋጥክ ነው።"

"እሺ፣ ቀዛፊውን ጠይቂው።"

"እሱማ ከቀመሰ በኋላ የማይቀላበት ነገር አለ?"

ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ።

ለቃሚዎቹ ፋብሪካውን ሲከሱ ምስክር አድርገው የጠሩት አባትሽን ነው። የፋብሪካው ጠበቃ ያንቺን ገጽ ከፍቶ አነበበለት።

"ይህን የጻፈችው ማን ናት?"

"ልጄ ናት።"

"ታዲያ ከሁለታችሁ የተማረውን ብናምን ቅር ይልሃል?"

ችሎቱ ሳቀ። ጠበቃው ቀጠለ፤ "ያን ዓመት ናሙናዎቹ ላይ የደረሰ ነገር ነበር?"

"የለም። ያስቀመጠቻቸው ባለቤቴ ናት። በእሷ እጅ የገባ ነገር አይበላሽም።"

ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ያን ጊዜ ማንበብ ከቻልኩ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ለቃሚዎቹ ተረቱ። ሊቀመንበራቸው በሩ ላይ ጠብቃ "ከልጅህ ጋር ተመካክራችሁ ሸጣችሁን" አለችው። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ ሰላም የሚለው አጣ። በሰባተኛው ወር ሞተ። በመጨረሻዋ ሳምንት "ምናልባት ልጅቷ ልክ ትሆናለች፤ ቀይ የመሰለኝ ለእኔ ብቻ ይሆናል" አለኝ። ትራሱን አስተካከልኩለትና ወጣሁ።

አሁን ፋብሪካው ሁለተኛ ቧንቧ ጠይቋል። ሰኞ ችሎት አለ፤ በጽሑፍ የሰጠሽው የባለሙያ ቃልም ይነበባል። ባለፈው ሳምንት በስልክ "ያ ማቀዝቀዣ..." ብዬ ስጀምር አላስጨረስሽኝም። "እማዬ፣ እሱ ነገር አልቋል። ለማንም እንዳታነሺው" አልሽኝ። ምን ልል እንደነበር ሳልነግርሽ ነው እንዲህ ያልሽው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጣቢያው ያስቀመጣቸው የሌሎቹ ዓመታት ማጣሪያዎች ሁሉ ጨው ጋግረዋል። የዚያ ዓመቶቹ ብቻ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበሩ። በእጅሽ ይዘሻቸዋል፤ ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይሻላል።

አልፈርድብሽም። ዝም ማለትን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ለአንቺ ብቻ ብልከው ግን ይህ ደብዳቤ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ ፊደሌ ቀርፋፋ ስለሆነ አራት ቀን ፈጀብኝ።

እግዚአብሔር እጅሽን ይጠብቅልኝ፤ ብርዱን አትናቂው። ከእንግዲህ ባትደውዪልኝም አልቀየምሽም።

እናትሽ

ግልባጭ፦
ለጨው ለቃሚዎች ሊቀመንበር፣ ትናንት በእጇ ለሰጠኋት፤ ሰኞ ለዳኞቹ ታነበዋለች።