በሩ ሲዘጋ የዘለልኳቸው ገጾች

እሑድ፣ የካቲት 6፣ ከሰዓት በኋላ

ለሚጡዬ፣ በእጅሽ ብቻ የሚገባ፤

እንደምን አለሽልኝ የኔ ዓለም? እኔ ከጉሮሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ድምፄ ጠፍቶ ሰንብቶ ገና ትናንት ተመለሰልኝ። ብደውልልሽ ደግሞ ስልክሽን የሚያነሳው ባልሽ ነው። «ተኝታለች እማዬ፣ ስትነሳ ትደውልልዎታለች» ይለኛል በዚያ ማር በሆነ አንደበቱ። በጠራራ ፀሐይ ምን እንቅልፍ ነው ልጄ? ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። የሆቴላችን ሾፌር ወደዚያ ስለሚመጣ፣ ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ ለአንቺ ለራስሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ።

ባለፈው የተውሽልኝን ወፍራም ልብወለድ ጨረስነው። ጨረስነው የምልሽ ብቻዬን ስላላነበብኩት ነው። የመተኮሻ ክፍላችንን ወግ ታውቂዋለሽ፤ ከምሳ በኋላ አንዷ ታነባለች፣ የእሷን ድርሻ አንሶላ ሌሎቻችን እንተኩስላታለን። ድምፅሽ ጎላ ያለ ነው ተብዬ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደሳቅን! ያቺ ልጅ ገና ኮሌጅ ከመግባቷ ሦስት ወንድ ይከባታል። ስማቸው ምላስ ስለሚያስር እኛው አወጣንላቸው፦ መነጽሩ፣ ዋናተኛው፣ ጥቁር ካፖርት። «ሦስት ለአንዲት ልጅ! እኔ ስንት ዘመን ጠብቄ የደረሰኝ አንድ፣ እሱም የሚያንኮራፋ» አለች ሳቂታዋ ባልደረባችን። ክፍሉ ጎራ ለየ። መነጽሩን የደገፉት የሁላችን ታላቅ የሆኑት እትዬ ብቻ ናቸው። ለዋናተኛው ሁለት ሴት ተገኘለት። ሌሎቻችን በሙሉ ከጥቁር ካፖርት ጋር ነበርን። ዝናብ እየደበደበው ቆሞ ይጠብቃታላ! ከእሷ ሌላ ሰው አያይማ! እኔማ ስሙ ሲመጣ ድምፄን ሁሉ አለሳልስለት ነበር።

አንድ ነገር ግን አደርግ ነበር። መኝታ ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ፣ ጣቴን በምላሴ አርሼ ገጹን እገልጣለሁ። እትዬ እዚያ ቁጭ ብለው እንዴት ብዬ ላንብበው? ለራሴም አላየሁትም። በሩ ተከፍቶ ሁለቱ ለቁርስ ሲወርዱ ካሉበት እቀጥላለሁ። የልጅቷ ዓይን አብጧል የሚል ሲመጣ፣ «ፍቅር እንቅልፍ ነሥቷት ነው» ብዬ አስረዳቸው ነበር።

ጉሮሮዬ ሲዘጋ መጽሐፉን አዲሷ አጣቢ ተቀበለችኝ። እሷ ደግሞ እፍረት አልፈጠረባትም። በሩ ተዘጋ፣ እሷ ማንበቧን ቀጠለች። አንገቴን ደፍቼ መሳሳሙን ብጠብቅ መሳሳም የለም። ጥቁር ካፖርት ስልኳን ነጥቆ፣ በእሷ ስም ለጓደኞቿ «ከእንግዲህ አትፈልጉኝ» ብሎ ይጽፋል። ቁልፉን ኪሱ ይከታል። አንገቷን ያንቃል። ከዚያ እግሯ ሥር ወድቆ እያለቀሰ «ስለምወድሽ እኮ ነው» ይላታል። ወደ ኋላ መልሰን የዘለልኳቸውን ሁሉ አስነበብናት። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ።

«ይህን ነው ስትዘልዪብን የከረምሽው?» አሉኝ እትዬ።

«እርስዎን አፍሬ ነው» አልኳቸው።

«ስምንት የወለድኩ ሴት ምን እንዳልሰማ ነው የምታፍሪኝ? የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሆነ ወንድ ስንቱን አይቻለሁ!» አሉና ካውያቸውን አነሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የማስበው አንቺን ብቻ ነው። ባለፈው አብራችሁ የመጣችሁ ጊዜ፣ እሱ ዕቃ ካላጠብኩ ሲል፣ ወንበር ሲስብልኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ወርቅ የሆነ ልጅ ነው» አለኝ። እኔም አልኩ። አንቺ በዚያ ሙቀት አንገትሽን በሻርፕ ጠቅልለሽ ነበር። አይቼዋለሁ። «ጉንፋን ነው» አልሽኝ፣ እኔም ገጹን ገለጥኩ። ልትሄጂ ስትይ መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀምጠሽ «ሁሉንም አንብቢው፣ እማ» አልሽኝ። በሩ ጋ ደርሰሽ ተመልሰሽ ደገምሽው፦ «ሁሉንም»። እኔ ሞኟ፣ መጽሐፉን በጣም ወደሽው መስሎኝ ሳቅኩ። ምነው ያኔ እጅሽን ይዤ ባስቀረሁሽ! እንዴት እንደሚቆጨኝ ብታውቂ።

የሚያሳፍር ነገር እዚህ ቤት አይወራም እያልኩ አሳደግኩሽ። ታዲያ የሚያሳፍር ነገር ሲደርስብሽ ለማን ትነግሪዋለሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስመክርሽ የኖርኩትም እኔው ነኝ። አፌ ሌላ፣ ቤቴ ሌላ።

መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ልጅቷ ከጥቁር ካፖርት ጋር ትቀራለች፣ መጽሐፉም ፍቅር ይለዋል። ሴቶቹ ተቆጡ። ሳቂታዋ እንኳ ሳትስቅ «ቆይ፣ የዚች ልጅ እናት የት ናት?» አለች። ፈልጌ አገኘኋት። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አንዴ ብቻ ትመጣለች፣ በስልክ። «ደህና ነሽ?» ትላለች። ልጅቷ «ደህና ነኝ» ትላለች። ስልኩ ይዘጋል።

ልጄ፣ አልጋሽን አንጥፌዋለሁ፤ አንሶላውን የተኮስኩት ራሴ ነኝ። ሾፌሩ ማክሰኞ ይመለሳል፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ያንቺ ነው። ሻንጣ ምን ያደርግልሻል፣ ልብስ እዚህም አለሽ። ብትመጪ ሰው ምን ይላል አትበይ፤ ያለውን ይበል። ለጊዜው መምጣት ካልሆነልሽ በሌላ ሰው ስልክ ደውዪልኝ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ንገሪኝ። አልቆጣም፣ አላለቅስም፣ አላቋርጥሽም። አንዲት ገጽ አልዘልም።

ከሚጣፍጥ አንደበትና ከሚከብድ እጅ ይሰውርሽ። እግርሽን ወደ ቤትሽ ያቅናልሽ።

የምትሳሳልሽ እናትሽ

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለሾፌሩ መልሺለት። ይዘሽው ቤት እንዳትገቢ።