መዝገብ ቁጥር 61፦ የተኚው ጉዳይ

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ከሰዓት 11፡20

ችሎት ተሰይሟል። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቤት ውስጥ፣ ኮት! እኔ ወለሉ ላይ፣ ጆይስቲክ በእጄ፣ የማተሚያ ቤቱ ቀለም ከጥፍሬ ገና አልለቀቀም። አንብቢ ይሉኛል። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አነባለሁ። እሳቸው ይሰማሉ፣ ይወስናሉ፤ እኔ እጫናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነን።

ደብተሬ፣ ታውቂዋለሽ፤ ግን ልድገመው፣ ደስ ስለሚለኝ። አባባ 36 ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበሩ። ዳኛ የተናገረውን ሲጽፉ ኖሩ፤ አንድም ቀን ፈርደው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ጌም ስጫወት ከጀርባዬ ቆመው፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን እያሳዩ፣ የዚህች ልጅ ጉዳይ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በማግስቱ ከፒያሳ ትልቅ መዝገብ ገዝተው መጡ። ከዚያ ወዲህ ጌሙ ምረጡ ባለ ቁጥር ጉዳዩ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ግራ ቀኙ ይሰማል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ሌላ ሰው የጌሙን ሦስት ክፍሎች በሁለት ወር ይጨርሳል። እኛ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ የደረስነው ዘንድሮ ነው። መ/ቁ 60 ዛሬ ተዘጋ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ያስጽፉኛል።

ምክንያቱን መጻፍ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ። የግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የዓይን ግፊት። የቀኙ እይታ ከቀን ወደ ቀን ይጠባል። ዶ/ሯ እቅጩን ነግራናለች፤ ኦፕራሲዮኑ የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ለማቆየት ነው፤ ደግሞም አይሳካ ይሆናል። ተራቸው ማክ. የካቲት 17። የስምምነት ቅጹ ተፈርሞ እስከ ዐርብ 13 ካልደረሰ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ከክረምት በኋላ ነው። እስከዚያ የሚቀር ነገር ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። ቅጹ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ መዝገቦቹ ላይ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ ሁለት ተራ አሳልፈዋል። ሁለቴም ያሉት አንድ ቃል ነው። ይቀጠር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ጠዋት 4፡00

ደብተሬ! ደረስን።

ጌሙ ውስጥ፣ ሰባት በር ከሚባለው ከተማ ሥር አንድ ግዙፍ ፍጡር ተኝቷል። ተኚው ይሉታል። ከነቃ ከተማው ይፈርሳል ይባላል። እንዳይነቃ በየዓመቱ ትልቁ ደወል ይደወላል፤ በተደወለ ቁጥር ደግሞ አንድ መንደር ራሱን ይረሳል። እናት ልጇን፣ ሰው የገዛ ስሙን። የእኛ ኢራ የከተማው ዘበኛ ናት። ሦስት ክፍል ሙሉ እዚህ የደወሉ ማማ ላይ ለመድረስ ነበር የለፋችው። ዛሬ ደረሰች። ሙዚቃው ቆመ። ከታች የሚመጣ ትንፋሽ ብቻ፣ ቀስ ያለ፣ ወለላችን ድረስ የሚሰማ። ሦስት መስመር ጽሑፍ ወጣ። የደወሉን ገመድ ቁረጪ። ደወሉን ደውዪ። ወደ ተኚው ውረጂ። በቃ። የወረደ ይመለስ አይመለስ አልተጻፈም።

አባባ ብድግ አሉ። ዳኛ ሲገባ እንደሚነሡት። እኔም ሳላስበው ተነሣሁ።

የተኚውን ፊት ንገሪኝ አሉኝ። አይታይም አልኳቸው፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ በሦስቱም ክፍል ፊቱን ያየ ሰው የለም። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

የአሸዋ ሰዓት መኖር አለመኖሩንም ጠየቁ። የለም። ተመስገን። መ/ቁ 9ን ሁለታችንም አንረሳም። አንደኛው ክፍል ላይ አርባ ሰዎች ከእሳት ሸሽተው የከተማው በር ላይ ቆሙ፣ ክፈቱልን አሉ። አባባ እንደ ልማዳቸው ለሐሙስ ቀጠሩ። እኔም ጆይስቲኩን አስቀምጬ መኮሮኒ ልቀቅል ገባሁ። ጥግ ላይ የሚፈሰው አሸዋ ጌጥ መስሎኝ። ስመለስ አሸዋው አልቋል፣ በሩ እንደተዘጋ ነው፣ ውጭ ማንም የለም። መልሰን እንጫወተው ብል አባባ ከለከሉ። ይግባኝ ያውቃሉ፤ እንዳልሆነ ማድረግን አያውቁም። ሦስት ሳምንት ጌም አልነካንም።

መ/ቁ 61 ተከፈተ። ገመዱ ይቆረጥ የምለው እኔ። ደወሉ ይደወል የሚለው የጊቢያችን ሙክታር፣ አትክልት ተራ የሚነግደው። ክርክር ሰኞ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ። ሥጋ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ውሃ ሲቀዱ ከብርጭቆው አጠገብ አፈሰሱት፤ ጠረጴዛውን አልፎ ጉልበታቸው ላይ እስኪወርድ አላወቁም። ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንን።

ስለ ቅጹ አነሣሁ። ይቀጠር። ጮኽኩባቸው። በአባቴ ላይ! ከዚያ ወጥቼ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ወረድኩ። ተመለስኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነው፤ ተኚው ሲተነፍስ ያመዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ከሰዓት 11፡00

ጾም ገባ፤ የሰርግ መጥሪያ ካርድ የሚያሳትም የለም። ከአምስት ኪሎው ማተሚያ ቤት በጊዜ መጣሁ።

ሙክታር የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ ተላጭቶ መጣ! አባባን ፋዘር ነው የሚላቸው፤ ዛሬ ግን ክቡር ፍርድ ቤት እያለ ሲያላግጥባቸው ነበር። እሳቸውም ተከራካሪው ከጉዳዩ እንዳይወጣ ብለው ገሠጹት። ክርክሩ ግን ጠንካራ ነው። ከተማው ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ደወል አልደወለም፣ ማንንም አላስረሳም፤ ታዲያ በምን ዕዳው ይፍረስበት? ቤት ሲፈርስ እኮ አይተናል አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። በመስኮቱ ፊት ለፊት የነበሩት ሦስት ቤቶች አሁን የሉም፤ ሰማይ ብቻ ነው።

እኔ በተራዬ፣ ስሙን የረሳ ሰው የኖረ አይቆጠርም አልኩ። አንዱ መንደር ለሌላው እንዲከፍል ማን ፈቀደ? እንዲህ ያለ ከተማ ቢፈርስም ይፍረስ አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ። ሙክታር በጣም ጨካኝ ነሽ አለኝ፣ ከልቡ።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። ሲበቃቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ተከሳሹን ማን ሰማው?»

አልገባንም። አስረዱን። ከነቃ ያፈርሳል የተባለው በማን ምስክርነት ነው? ሦስት ክፍል ሙሉ ሁሉም ስለ እሱ ይናገራል፤ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም። አንዱ እንዲተኛ ይፈርድበታል፣ ሌላው እንዲነቃ ይፈርድለታል። ቀርቦ የጠየቀው የለም።

ደብተሬ፣ ሁለት ዓመት ተጫውቼዋለሁ፤ አንድ ቀን አልመጣልኝም። እኚህ ሰው 36 ዓመት ዝም ብለው ይጽፉ የነበሩት ይህን ሁሉ ይዘው ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከሰዓት 11፡40

አባባ ከውሳኔ በፊት ቦታው ይታይ አሉ። ኢራን ማማው ላይ አዞርኳት። ከደወሉ ጀርባ ገመድ የምትስብ አንዲት ወጣት አለች። እጇ ተቃጥሏል። ስሟ ሜላ። ከየት እንደመጣች ተናገረች።

ከአርባዎቹ አንዷ ናት። ከመ/ቁ 9።

ማንበብ አቃተኝ። አባባ አንብቢ፣ አንብቢ እያሉ ይጎተጉቱኛል። ሜላ አትሳደብም፣ አታለቅስም። አሸዋው ሲያልቅ ምን ታደርጊ ነበር ብላ ብቻ ትጠይቃለች። አራት መልስ ወጣ። አላየሁም። ታዝዤ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እየጠበቅኩ ነበር።

አባባ አራቱንም አስደገሙኝ። የመጨረሻውን አሉ። ተጫንኩ።

ሜላ፦ «እኛም እየጠበቅን ነበር።» ወደ ገመዷ ተመለሰች። ሌላ ቃል የለም። ደግሜ ባናግራትም ዝም።

አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እኔ ደግሞ ስለማላውቀው ሰው አስባለሁ። የሆነ አገር፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ላልመረጡት ብሎ ይህን ቃል ጽፏል። አባባን ሳያውቃቸው። አራዳ ያለ ቤታችንን ሳያውቅ። እንዴት ሊሆን ቻለ?

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ከሰዓት 10፡30

ረመዳን ገባ። ሙክታር ከማፍጠሩ በፊት ብቅ አለ፤ ለጾማችን ብሎ ቲማቲም ይዞ። ከንፈሩ ደርቋል። ስለ ሜላ ነገርኩት። ከበሩ አልገባም፤ እዚያው ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረ። «ፋዘር፣ እኔ ጠዋት ዛሬ ልሽጠው ወይስ ነገ እያልኩ ስቆም ቲማቲሙ አይጠብቀኝም። ይበሰብሳል። ያልወሰንኩ ይመስለኛል እንጂ ወስኛለሁ።» ስለ ጌሙ ይሁን ስለ ቅጹ አልተናገረም። ቅጹ ግን ፊት ለፊቱ ነው ያለው።

ሲሄድ አባባ ተናገሩ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን። ጨለማን አልፈራም አሉኝ፤ ለምጄዋለሁ። የምፈራው ፈርሜ ቢጨልም ነው። ሳልፈርም ከጨለመ እግዜር ያመጣው ነው። ፈርሜ ከጨለመ ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረምኩት ሌላ ሰው ከወሰነው ሥር ነው።

እጃቸውን ያዝኩ። ወደድኳቸው። እንዲሁ ወደድኳቸው፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12። ከሰዓት 11፡00

ቅጹን አንብቢልኝ አሉ። ጌሙን በምታነቢበት ድምፅ፣ አሉኝ! መ/ቁ 62 ተከፈተ።

ይባስ ብለው ተከራካሪ ሾሙኝ። የትኛው ወገን? ኦፕራሲዮኑ አይደረግ የሚለው። እምቢ አልኩ። ያ ወገን ጠበቃ የለውም፣ ሳይሰማ አይፈረድበትም አሉ። ስለዚህ ተከራከርኩ። ሊበላሽ እንደሚችል። በቀረችው ብርሃን ፊቴን እያዩ ጥቂት ወራት ቢቆዩ እንደሚሻል። ዶ/ሯ ራሷ ዋስትና እንዳልሰጠች። እያለቀስኩ ተከራከርኩ፤ በጣም ጥሩ ተከራከርኩ፣ ያሳፍራል። ስጨርስ ያ ሁሉ ፍርሃት የእኔም እንደነበር ገባኝ። እሑድ ስጮኽባቸው እኔም ፈርቼ ነበር።

አመሰገኑኝ። የሌላውን ወገን እኔ አውቀዋለሁ አሉ። ቀጠሮ? ጠየቅኩ፣ ብዕሬን ይዤ። ነገ ጠዋት አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያጠረ ቀጠሮ አላየሁም።

ዐርብ፣ የካቲት 13። ጠዋት 2፡30

ከሥራ አስፈቅጃለሁ። ኮት ለብሰዋል።

መ/ቁ 61 ውሳኔ፦ ኢራ ትውረድ። ተኚው ይጠየቅ። ጻፍኩ። ጆይስቲኩን አነሣሁ። ቆይ አሉኝ። ይመለስ አይመለስ ወደማይታወቅበት ሰው ልልክ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ልሂድ። ቅጹን አምጪ።

አመጣሁ። መስመሩን ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ማስመሪያ ላድርግበት ብል አልፈለጉም። ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ትንሽ ወደ ላይ ሄደ፣ ግን ያው የድሮው የእጅ ጽሑፋቸው ነው፣ ያማረ። ከዚያ እጃቸው ከስማቸው ሥር ወረደ። የችሎቱ ጸሐፊ ብሎ ጀመረ። ከልማድ። የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆሙ። ሳቁ። አንድ መስመር ሰረዙበትና አጠገቡ «ባለጉዳዩ» ብለው ጻፉ።

ሆስፒታል ሦስት ሰዓት ላይ ይከፍታሉ። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አሁን ግን ጆይስቲኩ በአባባ እጅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቁልፉን በአውራ ጣታቸው እየፈለጉ ነው። አገኙት። ተጫኑት።

ኢራ እየወረደች ነው። ደረጃው አያልቅም። ትንፋሹ ቀረበ። ሜላ ገመዱን ለቃ ቁልቁል ታያለች። ተኚው እየዞረ ነው። አባባ ዝም አትበይ፣ መጻፉን ተይውና ፊቱን ንገሪኝ ይሉኛል። ደብተሬ፣ ፊቱ… ቆይ፣ መጀመሪያ ለአባባ ልንገራቸው።