ዣንጥላው ውስጥ የዋለው ፕላን

ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን
ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከምሳ በኋላ

ለቁንጫዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ ግን ደህና አይደለም፤ የራሱ ፀባይ ስላለው እኔ ስለ እሱ አልናገርም፣ ከፈለገ ራሱ ይጻፍልሽ። አያትሽም ደህና ናት። ከእኔ ጋር ሃምሳ ዓመት ኖራ ደህና መሆኗ ከእኔ ሌላም ብዙ ሰው ያስገርማል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስተኛውን ጊዜ ደግሞ ቆጠርኩት። አለቃሽን አራት ጊዜ አንስተሽዋል። እኔን ሁለት ጊዜ፤ ከሁለቱ አንዱ «ጉልበትህ እንዴት ሆነ?» የሚለው ስለሆነ እሱ የጉልበቴ ድርሻ ነው። «አለቃችን የካርቶን ማሽኑን ብልሽት በድምፁ ብቻ ያውቃል» ብለሻል። ይወቅ! እኔም አንቺን በኮቴሽ ብቻ አውቅሽ ነበር፤ ስለ እኔ ግን ለማንም የጻፈ የለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ መሬቱ ነው። ባለፈው በስልክ «አባባ፣ እዚያ ፋብሪካ ከተከፈተ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። ይህን ቃልሽን አልረሳሁትም። አልረሳሁትም ማለቴን ያዢልኝ፤ በኋላ ስትቆጪኝ ያስፈልግሻል።

ከተማችንን ታውቂያታለሽ። በበጋ እንግዳ ይመጣል፣ ይዋኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ትከሻው ተልጦ ይመለሳል። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ እርስ በርስ ስንተያይ እንከርማለን። ሥራ የሚባለው ሁሉ አልጋ ማንጠፍና ጀልባ ማከራየት ስለሆነ ብሎን መፍታት የምትወድ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ማዘጋጃ ቤቱም ይህ ገብቶት ከጣውላ መሰንጠቂያው ጀርባ ያለውን ሜዳ ለፋብሪካ አሰናዳው። መንገድ ገባለት፣ መብራት ገባለት፣ ውሃ ገባለት፤ በድሮዎቹ ችካሎች መሠረት አሥራ ሁለት ቦታ ተሸነሸነ። ነገ ልገንባ ለሚል ሰው ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ገንቢው ነው።

ያንን ሜዳ ከሠላሳ ዓመት በፊት የለካሁት እኔ መሆኔን ያልነገርኩት ሰው የለም። አንቺ ሰባት ዓመት ሲሞላሽ ደግሞ አብረን ደገምነው። የሜትሩን ጫፍ ችካሉ ላይ ትይዢና «ዜሮ ላይ ነኝ!» ብለሽ ስትጮሂ የሐይቁ ዳክዬ በሙሉ ብድግ ይል ነበር። እንግዲህ መሬቱን ለገዢ የሚያሳይ ሰው ሲፈለግ ማን ይጠራል? ኮቴን አስተኮስኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

የተጠራው ካፒቴን ነው!

አዎ፣ ጎረቤታችን ጀልባ አከራዩ። ጀልባው ከዚህ ሐይቅ ወጥታ ሳታውቅ ካፒቴን የተባለው። የማዘጋጃ ቤቱ ማስተዋወቂያ ክፍል ኃላፊ ደግሞ ማን ናት? የገዛ የልጅ ልጁ። ክፉ ነገር መናገሬ አይደለም። የልጅ ልጁ በአጠገቡ ያለችለት ሰው ታድሏል ነው የምለው።

ልጅቷ ብሮሸር አሳትማለች። ሽፋኑ ላይ ካፒቴን መቅዘፊያ ይዞ ይስቃል፣ ጀምበሯ ከኋላው ትጠልቃለች፣ ከሥሩ «መሬታችን ይጠብቅዎታል» ይላል። ውስጡ አሥራ አራት ፎቶ አለ። መሬቱ የሚታየው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ዳክዬ ቆማበታለች። አያትሽ ይህንን ብሮሸር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ወተት ባወጣሁ ቁጥር ካፒቴን ይስቅብኛል።

«ፎቶው አያምርም?» ትለኛለች።

«ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው።»

«ያንተስ?»

«የኔ ሕዝብ ፊት አልወጣም!»

በዚህ መሀል ሰኞ ዕለት ገዢ መጣች። የአንድ ካርቶን ፋብሪካ መሐንዲስ ናት፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ወሬ የማታበዛ። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጭቃ ቦቲ አድርጋለች። የካርቶን ፋብሪካ መሆኑን ስሰማ ልቤ ዘለለች፤ ካርቶን ማሽን የሚጠግን ሰው ስለማውቅ።

እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ሁሉን ነገር የምናሳየው ከጀልባ ላይ ነው። ሆቴሉን በጀልባ፣ ተራራውን በጀልባ፣ የከንቲባውን ቤት ሳይቀር በጀልባ። ስለዚህ የፋብሪካውንም መሬት በጀልባ ልናሳያት ተነሳን። «ሴትየዋ እኮ ቦቲ ያደረገችው መሬቱን ልትረግጥ ነው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ አስቤዋለሁ። አልተናገርኩም።

ወደቡ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ታደለን። የካፒቴን የልጅ ልጅ አያቷ ፊት ቆማ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። «አባባ፣ ትንፋሽህን ሳብ አድርግ» አለችው። ሳበ። አንገትጌውንም አስተካከለችለት። እኔ የራሴን ራሴ ቆለፍኩ፤ አንደኛው ዘለበት አልገባ ብሎ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ይህን ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም። እንቀጥል።

ልገባ ስል ካፒቴን «አንተ ኋላ ተቀመጥ» አለኝ። «ጀልባዋ ወደ ፊት እያዘነበለች ነው፣ ሚዛን ጠብቅልን።»

«እኔ ቀያሽ ነኝ ወይስ የአሸዋ ከረጢት?»

«ለዛሬ አሸዋ ሁንልኝ በሞቴ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሜዳውን ፕላን ግን ጠቅልዬ በተከደነ ዣንጥላ ውስጥ ይዤ ነበር፤ እስኪለምኑኝ አላወጣውም ብዬ ምያለሁ።

ካፒቴን ጀመረ። መሐንዲሷ «ከባድ መኪና የሚዞርበት ስፋት ስንት ሜትር ነው?» ስትለው «ሰፊ ነው እመቤቴ! ጀምበር ስትጠልቅ ቢያዩት!» ይላታል። «ትራንስፎርመሩስ?» ስትለው «መብራት በሽ ነው፤ ማታ ውሃው ላይ ሲያብረቀርቅ አይን ያፈዛል» ይላታል። የልጅ ልጁ ወረቀቷን ታገላብጣለች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ሜዳው ከሐይቁ በኩል ሲታይ ደግሞ ከፊቱ ሸምበቆ ስላለ ረግረግ ይመስላል። መሐንዲሷ አይኗን ጨፈን አድርጋ አየችውና «ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት ይወርዳል?» አለች።

«ወደ ሐይቁ!» አለ ካፒቴን። «ዓሦቹም ደስ ይላቸዋል!»

ቁንጫዬ፣ ከሜዳው ሥር ያለውን የተሸፈነ ቦይ ታውቂዋለሽ። መስመሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሣር ስለበቀለበት ነው እንጂ ከሦስተኛው ችካል አርባ ሁለት ሜትር ላይ የሲሚንቶ ክዳኑ አለ። ያ ሜዳ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ውሃ ተኝቶበት አያውቅም። መልሱ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ዣንጥላው ውስጥ።

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችኝ። «እርስዎስ አባቴ? የሚያውቁት ነገር አለ?»

ሳልኩ።

የውሸት ሳል ነበር፤ ግን አሳምሬ ሳልኩ። እሷም ደብተሯ ላይ አንድ ቃል ጻፈች። ረግረግ።

ስንመለስ «በጣም ውብ ቦታ ነው። ልጆቼን ይዤ ለዕረፍት እመጣለሁ» ብላ የሁላችንንም እጅ ጨበጠች። ካፒቴን ደስታውን አልቻለውም። «ተመልሳ ትመጣለች! ሰማችሁ? ተመልሳ ትመጣለች!» እያለ ወደቡ ላይ ዘለለ። እኔ በሆዴ እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ። ለአያትሽ ሁሉንም ተረኩላት፣ ካፒቴንን እያስመሰልኩ፣ ጀምበሯን በእጄ እያጠለቅሁ። አልሳቀችም።

«ፕላኑ የት ነበር?» አለችኝ።

«ዣንጥላው ውስጥ።»

«ዣንጥላውስ?»

«ጉልበቴ ላይ።»

የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ወደ አንቺ ክፍል ገባች። ቆይቼ ሄጄ ሳይ የአልጋሽን አንሶላ እየገፈፈች ነው። ለካስ እሑድ ዕለት ገዢ ሊመጣ ነው ሲባል ሰምታ አዲሱን አንጥፋልሽ ኖሯል። አጣጥፋ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ዘወር ብላም አላየችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዣንጥላዬን ይዤ ካፒቴን ዘንድ ሄድኩ። ከልጅ ልጁ ጋር ቁርስ ላይ ናቸው። ፕላኑን ከዳቦው አጠገብ ዘረጋሁትና ስለ ቦዩ ነገርኳቸው። ካፒቴን መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው።

«ትናንት ይዘኸው ነበር?»

«ይዤው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ጉሮሮዬን ይዞኝ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ ሻይ እየቀዳችለት ያለችውን የልጅ ልጁን አየ። ደግሞ እኔን። ከእሱ የማይጠበቅ ነገር ነው ያደረገው፤ አንዲት ቀልድ ሳይወረውር ወንበር ሳበልኝ። «ለጋሼም ቅጂላቸው» አላት። ሰው ሲያዝንልኝ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ሻዩን ግን ጠጣሁት።

ልጅቷ ሆቴሉ ጋ ደወለች። መሐንዲሷ ሻንጣዋን ጭና ልትወጣ ስትል ደረስንባት፤ በዚህ ጊዜ በእግር ወሰድናት። ካፒቴን ከሐይቁ አንድ ባልዲ ውሃ ተሸክሞ ተከተለ። የዚያን ቀን አሸዋው እሱ ነበር። ከሦስተኛው ችካል ለካሁ፣ አርባ ሁለት ሜትር ላይ በተረከዜ ረገጥኩ፣ ሣሩን ስንገፍፈው ክዳኑ ብቅ አለ። ካፒቴንና የልጅ ልጁ አነሱት። መሐንዲሷ ባልዲውን ራሷ ደፋችውና ተንበርክካ ጆሮዋን ሰጠች። ውሃው ወደ ታች ሲንሿሿ እኔም ሰማሁት፤ ጆሮዬ ብዙ ነገር ባይሰማም እሱን ሰማሁት።

«ይህን ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

«ትናንት ሚዛን እየጠበቅሁ ነበር።»

ሳቀች። ደብተሯን አውጥታ ያቺን ቃል ሰረዘቻት።

አልገዛችም፤ እንዳትሸወጂ። ሌሎች ሁለት ከተሞችም መሬት አቅርበውላታል፣ ታወዳድራለች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አፈሩን ቆፍረው የሚመረምሩ ሰዎች እልካለሁ ብላ የፕላኑን ግልባጭ ይዛ ሄዳለች። ሰኞውኑ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ከተሞች በፊት ትወስን ነበር? ልጅቷን ጠየቅኋት። «እንጃ ጋሼ» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። እንጃ ያለችው እንዳይከፋኝ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው እዚህ ባይከፈት አንድ ሰው ስለ ሳለ ነው፤ ሰውየውን ታውቂዋለሽ። በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም ነበር ያልኩሽም ለዚህ ነው። ብረሳው ይሻል ነበር።

እስከዚያው ልጅቷ ትናንት በቢሮዋ ማሽን አዲስ ብሮሸር አትማለች፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ አንዱን አድርጌልሻለሁ። ቁጥሩ ሁሉ ገብቶበታል፣ የመንገዱ ስፋት፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቦዩ። ሽፋኑ ላይ እኔን ላነሳዎት ስትለኝ ጢሜን ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ ያለው ሦስተኛው ችካል ነው። ከቀኝ በኩል አንድ ጣት ይጠቁመዋል። ጣቱ የኔ ነው። ካፒቴን «ጥፍርህ ግን አምሯል» አለኝ። አያትሽ ይህንንም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፣ የካፒቴንን ግን አላነሳችም። አሁን ወተት ሳወጣ ጣቴ በቀጥታ ጥርሱ ላይ ያነጣጥራል። ይህም አንድ ነገር ነው።

ነይ አላልኩሽም። አለቃሽ ጎበዝ ነው፣ ሥራሽም ደህና ነው፣ ለሽማግሌ ሳል ተብሎ ሥራ አይለቀቅም። ከእኔ ይልቅ አያትሽ ናት አስቸጋሪ፤ ዛሬ ጠዋት አንሶላውን እንደገና አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። አየር እንዲነካው ነው አለችኝ። እኔም አልጠየቅኋትም።

በይ እንግዲህ። የምትረግጪው መሬት ሁሉ ጠንካራ ይሁንልሽ፤ ዝናብ ቢመጣ መውረጃ አይጣ። እጅሽ የነካው ማሽን አይበላሽ፣ ከተበላሸም አለቃሽ ሳይሰማ አንቺ ቀድመሽ ስሚው። ያሰብሽውን ሁሉ ሳይጎድል ለክቶ ይስጥሽ።

ጣቱ የኔ ነው የሚለው፣
አያትሽ

እንዳልረሳ፦ ማክሰኞ ዕለት ስለካ የካፒቴን የልጅ ልጅ «ጋሼ፣ ጫፉን ልያዝልዎት» ብላኝ ነበር። ደህና ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ግን ሜትሩን አልሰጠኋትም፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ሁለት ጊዜ ሾለከብኝና ሁለት ጊዜ ተመልሼ አስተካከልኩት፤ ጉልበቴ ምን እንዳለኝ አልነግርሽም። ድንጋይ መያዙንስ ይይዛል። «ዜሮ ላይ ነኝ!» ብሎ ግን አይጮህም።