ለሰልማ የተጾመ ጾም

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3። ከቀኑ 9:10

መብራት ጠፋ። አሁን! ሰልማ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ፣ ያ ድም ድም የሚለው ሙዚቃ ጀምሮ፣ ጭጭ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር። እኔ ብሩሽ ይዤ ቆሜያለሁ። የኛሉዋክን ፀጉር ግማሹን ቀለም ቀብቻለሁ፣ ግማሹን ረስቼዋለሁ።

ደብተሬ፣ ይሄን ድራማ ካልነገርኩሽ ማንም አይነግርሽም። «የጨው ጎተራ» ይባላል፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ነው። ሰልማን ባሏ ከቤቱ ሥር ባለ አሮጌ የጨው መጋዘን ቆልፎባታል። ለሰው ሁሉ «አክስቷ ታማ ውጭ አገር ሄደች» ይላል። አርባ ሦስት ክፍል ሙሉ! እናቷ ከላይ ሳሎን ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች፣ ልጅቷ ከሥር ግድግዳ ትቧጥጣለች። ደሜ ይፈላል። ግን አልቀርም።

ኛሉዋክ የዚሁ የጁባ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ያደገች። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል፣ ስድቧም። ፀጉር ቤቴ የምትመጣው ሁሌ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ለድራማው። ዛሬ ቀለሙ አንገቷ ላይ እየወረደ ምን ትላለች፦

«እትዬ አስቴር፣ ይሄ ሰውዬ ባለጌ ብቻ አይደለም፣ ሰነፍም ነው። ከውጭ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት በር እያየ ጎረቤቱ ሁሉ ዝም አለ እንዴ?»

ድራማ ነው አልኳት። ጎረቤት ካየ ያልቃላ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ከቀኑ 11:30

ወይ ጉዴ። እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ረቡዕ የሴቶች ጸሎት እኔ ቤት ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ዛሬ አሥራ አንድ ነበርን። የሰፈራችን የጉዴሌ ጭቃ ሁሉ ምንጣፌ ላይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ጉልበቴ ልጸልይ ነበር። አፌ ግን ሌላ አለ፦ «ጌታ ሆይ ሰልማን አውጣት! ባሏ ቆልፎባታል፣ ማንም አላወቀላትም!» ጮክ ብሎ።

እህት ዘነበች፣ የሴቶች አገልግሎት መሪያችን፣ ቀበል አደረገችኝ። «አሜን! አውጣት!» ቤቱ ተናወጠ። አሥር ሴት ለሰልማ ጮኸች። ማን ያቆማል? አንቺ ብትሆኚ ታቆሚ ነበር?

ጸሎቱ ሲያበቃ እህት ዘነበች ጠየቀችኝ። ይህች ሰልማ ማን ናት?

«እየተከታተልኳት ነው» አልኩ።

አልዋሸሁም! እየተከታተልኳት ነው። ግን በእኛ ቤ/ክ መከታተል ማለት ሌላ ነው። አዲስ ነፍስ ስትመጣ ቤቷ ሄደው፣ አብረው ጸልየው፣ አጽናንተው ነው የሚከታተሏት። እህት ዘነበች ዓይኗ እንባ አቀረረ። አስቴር ለሰው ሳትናገር ነፍስ እየተከታተለች ነው ብላ አቀፈችኝ። ከዛሬ የሚቆጠር የሦስት ቀን ጾም አወጀች።

ሁሉም ሲወጡ ሂሩት ብቻ ወለሉ ላይ ቀረች። የኪቦርድ ተጫዋቻችን ሚስት፣ ያቺ ዝምተኛዋ። ሻሿ ርሷል። መንፈስ ነክቷታል ብዬ ተውኳት። ውጭ ባሏ በሞተር ሳይክሉ ጡሩምባ ነፋ፣ ብድግ ብላ ሮጠች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ከቀኑ 7:00

እየጾምኩ ነው። ለማን? ለሰልማ። ሳቂብኝ።

የቡድናችን ዋትሳፕ ተናግቷል። አንዷ በሕልሟ ብረት በር ሲሰበር አይታለች። አንዷ ካስተም ገበያ ሰልማ የምትባል ሱዳናዊት ሽቶ ሻጭ አለች፣ እሷ ትሆን ይሆን ትላለች። ምስኪኗ ሽቶ ሻጭ! ነገ ሄደው እጅ ሊጭኑባት ነው።

ልናገር? ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ነገ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6። ከቀኑ 10:00

ነገ ራሱ መጣ።

8:20 ላይ እህት ዘነበች ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ጾሙ ዛሬ ስለሚያበቃ ሰልማ ቤት ውሰጂኝ ልትል። እኔ የአንዷን ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለልኩ ነው። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ባልየው ደረጃውን ይወርዳል፣ ቁልፉን ያቅጨለጭላል፣ ይጠራል፦ «ሰልማ! ሰልማዬ!»

እህት ዘነበች ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ወደ እኔ ዞረች። ደግማ ወደ ቴሌቪዥኑ።

«አስቴር። ይህች ናት?»

«እህት ዘነበች፣ ስሚኝ...»

«ለተዋናይ ነው ሆዴን ያሰርኩት? ከነስኳሬ?»

ኛሉዋክ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና ሳቋ አመለጣት። ያ ነው የገደለኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ፍርዱ ይሄውልሽ፦ ሰኔ 15 እሁድ፣ ጉባኤው ፊት ማይክ ይዤ ንስሐ እገባለሁ። ዲሹ ይወርዳል። አለዚያ የረቡዕ ጸሎት ከቤቴ ይነሣል፣ ከሴቶች አገልግሎትም እወጣለሁ። ድራማ ለክፉ መንፈስ በር ይከፍታል ብላ ወጣች። ጃንጥላዋን ረስታ። በዝናብ።

ክፉ ሴት አይደለችም። ወባ ጥሎኝ አሥር ቀን ስተኛ ሾርባ ይዛ እየመጣች ያነሣችኝ እሷ ናት። ለዚያ ነው የሚያመው።

እሁድ፣ ሰኔ 8። ከቀኑ 8:00

ቤ/ክ ሁሉም ሰምቷል። የሂሩት ባል ከኪቦርዱ ጀርባ ሆኖ «የሰልማ እናት መጡ» አለኝ። ወጣቶቹ ሳቁ። ሂሩት አጠገቡ ነበረች። አልሳቀችም።

ዲሹን አላወርድም። በቃ። ሰው ለምን ጨለማ ነገር ታያለሽ ይለኛል። ልንገርሽ። ያን ሰሞን ጁባ ሲተኮስ እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ፣ ሁለት ቀን፣ ከአንድ ጀሪካን ውሃ ጋር። ድራማ ላይ ከመተኮሱ በፊት ሙዚቃ ይመጣል። ተጠንቀቂ ይልሻል። ጁባ ሙዚቃ የላትም። እኔ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሙዚቃ ባለበት፣ ሻይ ይዤ ብፈራ ምን አለበት? ፈርቼ ሲያልቅ ማስታወቂያ ይመጣል፣ እስቃለሁ። ይሄ ኃጢአት ከሆነ ጌታ ራሱ ይንገረኝ፣ እህት ዘነበች አይደለችም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10። ከቀኑ 10:15

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ሂሩት ፀጉር ልትሠራ መጣች። ከስንት ወር በኋላ! ባሏ ደጅ አድርሷት «ሹሩባ፣ ለእሁድ» ብሎ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ አለ።

ሻሿን ፈታሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ራስ ስነካ ኖሬአለሁ። ፊት ይዋሻል፣ ራስ አይዋሽም። ከጆሮዋ ኋላ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቦታ ባዶ ነው። ቅባት ያበላሸው አይደለም፣ ያን አውቀዋለሁ። የተነቀለ ነው። ሥሩ ቀልቷል። ከሥር ያበጠ ነገር አለ፣ ስነካው ትንፋሿን ሳበች።

ማበጠሪያውን ያዝኩ። እሷ በመስታወቱ አየችኝና በሹክሹክታ ጠየቀች፦

«እትዬ፣ ሰልማ ትወጣለች?»

ሙዚቃ የለም። ምንም። ውጭ ራክሻዎች፣ ባጃጆቹ፣ ይንጫጫሉ፣ እኔ ግን ያንን ድም ድም ሰማሁት።

ትወጣለች አልኳት።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፣ ካስኩን አስነስቼ፣ በጩኸቱ ሥር። ፓስፖርቷ እሱ ጋ ነው። ሲወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፋል። ለጎረቤት «አገሩ አስጊ ነው፣ ለደኅንነቷ ነው» ይላል፣ ጎረቤቱም እውነት ይላል። ስልኳን ይፈትሻል፣ የተፈቀደላት የሴቶች ጸሎት ቡድን ብቻ ነው። ረቡዕ ዕለት ለሰልማ ስንጮህ፣ ሰው ለእሷ ሲጸልይ የመጀመሪያዋ ነበር። ማንም ሳያውቅ። እኔም ሳላውቅ።

ተማከርን። የምትችልበት ቀን፣ ቡድኑ ላይ «ለሰልማ እንጸልይ» ብላ ትጽፋለች፣ እኔ ደርሼ አወጣታለሁ። ሁሉም በእኔ ስትቀልድ ይመስላቸዋል። እሱም ቢያየው ይስቃል።

መኪና ካላት ከኛሉዋክ በቀር ለማንም አትናገሪ አለችኝ። ቤ/ክ የገባ ወሬ ለምሳ እሱ ጋ ይደርሳል። ማልኩላት።

ባዶውን ቦታ በሹሩባ ሸፈንኩት። እንዲህ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። እያለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11። ከቀኑ 12:00

ጸሎት። ምናልባት እዚህ ቤት የመጨረሻው። እህት ዘነበች ጃንጥላዋን ስሰጣት እጄን ያዘችኝ። እልከኛ አትሁኚ፣ አንድ ቃል ነው፣ አጥፍቻለሁ በይና ይለቅ አለችኝ። እንዲህ ለስለስ ስትል ነው የምፈራት። ንገሪያት ንገሪያት አለኝ ሆዴ። ብነግራት ነፃ ነኝ። ታቅፈኛለች፣ ጸሎቱም ይቀራል። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ትነግራለች፣ እነሱ ባልየውን ጠርተው ይመክራሉ፣ እሱ ያለቅሳል፣ ይታረቃሉ። ማታ ቤት ይገባሉ።

ሳልነግራት እስከ በሩ ሸኘኋት። ውጭ የሞተር ሳይክል ጡሩምባ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። ከቀኑ 8:30

ጠዋት 3:40 ላይ ስልኬ ጮኸ። ሂሩት፦ «እህቶች፣ ለሰልማ እንጸልይ።» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ።

ኛሉዋክን ደወልኩላት። ደንበኛዬን ግማሽ ራሷን ጎንጉኜ ትቻት ወጣሁ። መጣሁ አልኳት። ድራማ ላይ እንዲህ ነው የሚሉት።

የኛሉዋክ መኪና ኮሎሎ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ደረሰ። የቆርቆሮ አጥር። በር። ጓጉንቸር፣ ከውጭ፣ ልክ እንደተባለው። ከፀጉሬ ማስያዣ ነቅዬ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። አዞርኩ። አርባ ምናምን ክፍል ላይ እንዲህ ሲከፈት አይቻለሁ! ውሸት ነው ደብተሬ። ማስያዣው ተሰበረ። ኛሉዋክ ገፋ አደረገችኝ፦

«ድራማሽን ተይና ዞር በይ።»

የጎማ መፍቻ ይዛ መጣች። ጓጉንቸሩን ሳይሆን ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበትን ብረት ከእንጨቱ ፈነቀለችው። በሦስተኛው ለቀቀ። አንዲት ጎረቤት አጥር ላይ ብቅ አለች፣ ምንድነው ብላ በዓረብኛ ጮኸች። ኛሉዋክ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሚስትየዋ ቁልፍ ጠፍቶባት ነው» አለቻት። ሴትዮዋ በሩን አየች፣ ሂሩትን አየች። ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀችና ከአጥሩ ወርዳ ጠፋች። ታውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ሂሩት አንድ ፌስታል ብቻ ይዛ ወጣች። ፓስፖርት ማፊ፣ የለም። ኤምባሲው ግን ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የጉዞ ወረቀት፣ ይሰጣል። ሂሩት አሁን የኛሉዋክ እናት ቤት ናት። ዳቦ እየበላች ተኝታለች አሉኝ፣ እጇ ላይ ዳቦው እንዳለ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ከቀኑ 10:00

ወረቀቱ ወጥቷል። በረራ ነገ ጠዋት 3:30።

ይሄን ስሚ። ባልየው ትናንት ለሽማግሌዎቹ ሚስቴ አዲስ አበባ ሄደች፣ አክስቷ ታማ ነው ብሏል። ጸልዩልን ብሏል! የጨው ጎተራው ሰውዬ ቃል በቃል። ግን እይልኝ፣ ሳያውቀው እውነት ተናገረ። ነገ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ትቀበለኛለች የምትላት አክስትም አለቻት፣ ጤነኛ።

8 ሰዓት ላይ የመጨረሻው ክፍል ነበር። መብራት አልጠፋም። ምነው በጠፋ! ሰልማ ወጣች። ወጥታስ? ባሏ ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ይቅር አለችው፣ ሻይ አፈላችለት! ፎጣውን ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወርኩ። ኛሉዋክ «እቺን ሴት ማነው የጻፋት? ባሏ?» አለች። እኛ ሐሙስ ጠዋት ከዚህ የሚሻል ነው የሠራነው፣ ያለ ሙዚቃ።

እህት ዘነበች ደወለች። ነገ ከዝማሬ በኋላ ስምሽ ይጠራል፣ አጠር አድርጊው አለች። እሺ አልኩ።

እሁድ፣ ሰኔ 15። ጠዋት 3:35

ነጭ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ኛሉዋክ ከኤርፖርት መልእክት ላከች፣ አንድ ቃል፦ «ኻላስ።» አለቀ፣ አውሮፕላኑ ተነሣ ማለት ነው። ፕሮግራሙ 4:30 ይጀምራል። ያኔ ሂሩት ከደመና በላይ ናት፣ ማንም አይደርስባትም።

ሌሊት የንስሐ ቃል ጻፍኩ። አጥፍቻለሁ፣ ዲሹን አወርዳለሁ፣ ምናምን። ጠዋት ቀደድኩት። ስሟን አላነሣም፣ ማልኩ። ግን ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም። አሥራ አንድ ሴት ሦስት ቀን ጾማ ጸሎቷ ሲመለስ ዝም ማለትስ ምን ይባላል? በእኛ ቤ/ክ ጸሎት ሲመለስ ንስሐ አይገባም። ይመሰከራል።

ማይኩን ሲሰጡኝ እንዲህ ነው የምለው፦ እህቶቼ፣ ስከታተላት የነበረችው ሰልማ ወጥታለች። ጾማችሁ ከንቱ አልሆነም። አሜን በሉ።

ይሳቁ። ረቡዕንም ይውሰዱት። ከቤቴ ይነሣ፣ ጉልበቴ ያለበት ቦታ እኔ እጸልያለሁ፣ 8 ሰዓት ላይም ዲሼን እከፍታለሁ፣ ሰኞ አዲስ ድራማ ይጀምራል። እህት ዘነበች ትቀየመኛለች። አንድ ቀን እነግራታለሁ፣ ሂሩት ስትፈቅድ። እስከዚያ ሾርባዋን አስታውሳለሁ።

አሜን ሲሉ ግን እኔ ጉባኤውን አላይም። ሁልጊዜ አሜን ሲባል ኪቦርዱ ይከተላል። የሂሩትን ባል እጅ ነው የማየው። እጁ ይጫወት እንደሆነ ወይም

ራክሻው ጡሩምባ ነፋ። ሄድኩ