ክንድ ብቻውን አይነሳም

ሰኞ፣ ኅዳር 13

«ከሥራ ገበታዎ ውጭ በደረሰብዎ የትከሻ ስብራት ምክንያት ቀኝ ክንድዎን አንስተው በሰሌዳ ላይ መጻፍ የማይችሉ መሆኑ በግምገማ ስለተረጋገጠ፣ ከማስተማር ሥራ ተነስተው በንብረት ክፍል እንዲመደቡ ተወስኗል።»

ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሦስት ስህተት አለበት። ስብራት የለም። ከሥራ ውጭ አልደረሰም። ግምገማው ላይም እኔ አልነበርኩም። ባለቤቱ በሌለበት ክንድ እንዴት ይረጋገጣል?

የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ግንቦት ለፈተና ዴስክ ከክፍል ወደ ክፍል ስናጓጉዝ ወጣቶቹ መምህራን ሻይ ቤት ገብተው ቀሩ። እኔ እልህ ይዞኝ ቀኑን ሙሉ በቀኝ ትከሻዬ ተሸከምኩ። ብዙም ሳይቆይ ክንዴ ከትከሻ በላይ አልሄድ አለ።

ደብዳቤውን ያመጣው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። «ይፈርሙልኝ ጋሼ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። በቀኝ እጄ ፈረምኩለት። ጠረጴዛ ላይ እጄ ምንም አልሆነም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ባዮሎጂ ሳስተምር ዕድሜዬ አለቀ። «የትከሻ ስብራት» የሚለውን አንብቤ መተኛት አልቻልኩም።

ሰዎች ክንድ የሚነሳው ትከሻው መጋጠሚያ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል። መጋጠሚያው የመንገዱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሄዳል። የቀረውን የሚጨርሰው ጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲሄድ እሱም የጎድን አጥንቶች ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል። አንዱ ጡንቻ ከአንገት በኩል ወደ ላይ ይስበዋል። ሌላው ከጀርባ መሃል ወደ ታች። ሦስተኛው ከጎድን አጥንቶች ተነስቶ በጠፍጣፋው አጥንት ሥር ያልፍና የውስጥ ጠርዙን ይዞ ወደ ፊት ይጎትታል። እዚህ አገር የጎጆ ምሰሶ ሲያቆሙ አይቻለሁ፤ ሁሉም በየፊናው ይጎትታል፣ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ ከለቀቀ የሌሎቹ ጉልበት ራሱ ያጣምመዋል።

የኔ ሦስተኛው ለቋል ብዬ አምናለሁ። ነርቩ በደረት ጎን ይወርዳል፤ ሸክም ይጎዳዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሁለት እጅ ግድግዳ ሲገፋ አጥንቱ እንደ ክንፍ ብድግ ይላል። ግን ማን ያየዋል? የመላጫ መስታወቴን መስኮቱ ላይ አቆምኩት፤ ጣሪያውን አሳየኝ። ወንበር ላይ አቆምኩት፤ ቀበቶዬን አሳየኝ። ግድግዳውን እየገፋሁ አንገቴን ስጠመዝዝ አዞረኝ።

ሚስቴ ትታኝ ዘመዶቿ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ከገባች ወዲህ ጀርባዬን ያየ ሰው የለም። ሸሚዜን ለብሼ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «ስብራት የሚለውን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«መምህር፣ ወጌሻ ቤት ሲገቡ ታይተዋል እኮ። ለጉንፋን ወጌሻ ቤት የሚሄድ አለ?»

ሄጃለሁ። ጤና ጣቢያ ሳያዩኝ ማስታገሻ ብቻ ሰጥተው ቢሸኙኝ፣ በሰው ምክር ሄድኩ። ወጌሻው ወልቋል ብሎ ጎተተኝ፣ አሸኝ፣ አሰረኝ። የወለቀ ነገር አልነበረም። ቡታጅራ ውስጥ ግን ከወጌሻ ደጅ ታስሮ የወጣ ሰው ተሰብሯል ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

«የሚያስተምረው የፕላዝማው ቴሌቪዥን ነው» አልኩት። «እኔ ከጎኑ ቆሜ ነው የምውለው። ክንዴን ምን አደረጋችሁት?»

«መብራት ሲጠፋስ?»

እዚህ ላይ ልክ ነው። መብራት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

መምህራን ማረፊያ ገባሁ። የስፖርት መምህሩ «ጋሼ፣ ንብረት ክፍልኮ መደርደሪያው ጣሪያ ሊነካ ነው፤ ዕቃውን በምን ሊያወርዱ ነው?» አለ። ሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። እንዲህ አጥርቶ ማየት ከቻለ ግምገማው ላይ ተቀምጦ ለምን ዝም አለ? ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የተከተለኝ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

አከራዬ አቶ ሸረፋ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። በአንድ ግቢ ስንኖር ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ዛሬ የውሃ ቧንቧውን ሊያይ ሲመጣ የቤቴ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሸሚዜን አውልቄ ግድግዳ ስገፋ ደረሰ።

«ያ አላህ! መምህር፣ ቤቴን ልታፈርሰው ነው?»

ላባርረው ነበር። በምትኩ «ጀርባዬን እይልኝ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ።

«ምኑን ልይ?»

«ሁለቱ አጥንቶች እኩል ናቸው?»

ጠጋ አለ። «የግራው ተኝቷል። የቀኙ ተነስቷል። በሥሩ እጅ ይገባል፤ ወላሂ።»

ደስ አለኝ። በሽታ ተገኘብኝ ሲባል ደስ አለኝ!

መዳፉን ዘርግቶ አጥንቱን ወደ ጎድኔ እንዲጫንልኝ ነገርኩት። ፈራ። «ልሰብርህ ነው?» አለ። «የሚሰበር የለም፣ ተጫን» አልኩት። መዳፉ ሰፊ ነው፣ ይሞቃል። ክንዴን አነሳሁ። ትከሻዬን አለፈ። ጆሮዬ አጠገብ ደረሰ።

«አሃ! ደህና ነህ እኮ አንተ!»

«ልቀቀው።»

ለቀቀው፤ ክንዴ ወረደ። ደንግጦ «እንደገና» አለ። እንደገና አነሳን። ሚስቱን ከግቢው ጠርቶ «ነይ እዪ!» ሊል ሲል ሸሚዜን ፈልጌ ለበስኩ።

ሊወጣ ሲል «በር ለበር ሆነን እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። ስለ ቧንቧው አወራሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ከጁምዓ በኋላ አቶ ሸረፋ ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮኝ ሄደ። አልጠየቅኩትም። ዛሬ ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ናት። ግድግዳውን ገፋሁ፤ አቶ ሸረፋ መዳፉን አሳርፎ «ይኸው፣ ይኸው!» አለ፣ ጨርቅ እንደሚሸጥላት ሁሉ።

እሷም በእጇ ደጋግማ ሞከረችው። «ስብራት ነው ያለው ማን ነው?» አለች። ከዚያ ጻፈች፦ ስብራትም ውልቃትም የለም፤ የነርቭ ጉዳት ነው፤ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ማስተማርን አይከለክልም።

«ይመለሳል ብለሽ ጻፊው» አልኳት።

«እሱን አልፈርምም አባቴ። ብዙ ሰው ይመለስለታል። የማይመለስለትም አለ።»

አከበርኳት።

መንገድ ላይ አቶ ሸረፋ «ካልተመለሰ እኔ ከኋላህ ቆሜ እይዝልሃለሁ፤ አንተ ጻፍ። ተማሪዎችህ ግን ይስቁብናል» አለ። ባጃጁ ውስጥ ሳቅን። ቤቴ ስገባ ሳቁ አብሮኝ አልገባም። አልጋው ላይ ተቀምጬ በግራ እጄ ወደ ጀርባዬ ልደርስ ሞከርኩ። አይደረስም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ደብዳቤውን ስጽፍ ዋልኩ። መጀመሪያ «ድንቁርና» የሚል ነበረበት፤ ሰረዝኩት። «ልጅ እግር አመራር» የሚለውንም ሰረዝኩ። ሳይወድ በግድ አጠረ። ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ገቢ አደርገዋለሁ፤ ግልባጩ ወልቂጤ ለዞኑ ይሄዳል። ምን እንደሚሉ አላውቅም። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። ጉዳቱ የደረሰው የትምህርት ቤቱን ዴስክ ስሸከም ነው። ክንዴን ከፍ አድርጌ መጻፍ እንደማልችል አልክድም፤ እስከ ደረቴ ድረስ ግን ሰሌዳው ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለውን ክፍል ተማሪ ይጽፍልኛል። ሰሌዳ ላይ አይደርስም የተባለ ሰው ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ዕቃ እንዲያወርድ የተመደበበት ምክንያት ይገለጽልኝ። ስብራት የሚለው ቃል ከግል ማኅደሬ ይውጣ። ወደ ክፍሌ ልመለስ። ካልሆነም ለምን እንዳልሆነ እስከ ኅዳር 30 ድረስ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በቃል የሚነገረኝን አልቀበልም።»