ምርኩዜ ዱላ አይደለም

ለቀበሌያችን ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቡራዩ

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በዱላነት ተጠርጥሮ የተያዘው ምርኩዜ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ደስታነሽ የሺጥላ ከአዲስ አበባ ወጥቼ እዚህ ቡራዩ የምኖር፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ጡረተኛ ነኝ። በሥራ ዘመኔ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ የስንቱን ሰው አቤቱታ መትቻለሁ፤ በእኔ ይደርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

1. ባለፈው ሳምንት ወጣቱ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ አደባባይ የወጣ ዕለት፣ እኔ የወጣሁት የደም ግፊት ኪኒን ልቀበል ነው። ስመለስ ጥበቃዎ ከመንገደኛው ዱላና ድንጋይ ሲሰበስብ ምርኩዜንም ነጠቀኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ምርኩዝ ነው» ስለው፣ «እማማ፣ ዛሬ እንጨት ሁሉ ዱላ ነው» አለኝ። ጉድ ነው! በዚህ አያያዝ ነገ ማማሰያዬም ይጠየቃል።

2. ያለ ምርኩዝ ትንሽ እንደሄድኩ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ካለው፣ ክዳን ከሌለው ቦይ ውስጥ ዘጭ አልኩ። ጎረቤቴ አዴ ገለቴ «ጀባዳ! ጀባዳ!» እያለች፣ በርቱ ማለቷ ነው፣ ጎትታ አወጣችኝ። ዳሌዬ ተርፏል፣ ተመስገን።

3. ጥበቃዎ ግን «ሰልፈኛው ሲበተን ስትሸሽ የወደቀች» ብሎ ሪፖርት አድርጓል አሉ። ክቡር ኃላፊ፣ እኔ መሸሽ ብችል ምርኩዝ ምን ያደርግልኛል? እኛን አረጋውያንን የሚጥለንን ማወቅ ከፈለጉ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዕድላዊት ነግራኛለች፦ ሞራ የለበሰ ዓይን፣ የከዳ ጉልበት፣ ብድግ ሲሉ የሚያዞር ኪኒን፣ ተረከዝ የማይዝ ሸበጥ። አንዴ የወደቀ አረጋዊ ደግሞ ዳግም ለመውደቅ ቅርብ ነው፤ ፍርሃቱ ራሱ ይጥላል አለች። ማስተር ፕላን ስትል አልሰማሁም። ሸበጡን ጥያለሁ፣ ቀስ ብዬም እነሣለሁ። ምርኩዙ ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

4. ልጠይቅ ስመጣ አዴ ገለቴ የመጥረጊያዋን እንጨት አዋሰችኝ። በር ላይ እሱንም ወሰዱት! ምስኪን፣ አሁን ቤቷን አጎንብሳ ነው የምትጠርገው። ቢሮዎ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ «በአካል ካልቀረቡ አይስተናገዱም» ብለው መለሱኝ።

5. ያን ምርኩዝ ሟቹ ባለቤቴ መኮንን ታሞ በተኛበት ሰሞን ከወይራ ጠርቦ፣ በቁመቴ ለክቶ ነው የሠራልኝ። «እኔ ከሌለሁ እሱን ትደገፊያለሽ» ብሎኛል። ማንንም አልመታሁበትም፤ ራሱን መኮንንን እንኳ አልመታሁበትም፣ ያውም እንደዚያ እያበሸቀኝ። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ዳገት ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ከወደቅኩ ወዲህ ያለ ድጋፍ ከደጄ መውጣት ፈርቻለሁ። ሳልሄድ መቅረቱን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ምርኩዜ ከእሑድ በፊት እንዲመለስልኝ፣ የአዴ ገለቴም እንጨት አብሮ እንዲለቀቅ በአክብሮት አመለክታለሁ። የለም፣ ለጸጥታ ያሰጋል ከተባለ እኔንም ከእሱ ጋር እሰሩኝ፤ እዚያ እንኳ ተደግፌ እቆማለሁ።

ከሰላምታ ጋር፤ ብድግ ብዬ ያልሰጠሁዎት ንቄ አይደለም።

ደስታነሽ የሺጥላ
(ፊርማ)